ብርቅነሽ ያላየችው ቤት

ባለፈው ወር ዊንጌት የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነበር። የስኳር መድኃኒቴን ተቀብዬ ወደ ቤቴ መመለሴ ነው። ሰልፉ ረጅም ነው፤ ተማሪዎች ተለቀው ሹራባቸውን ወገባቸው ላይ አስረው እየተጋፉ ያልፋሉ። ከኋላዬ አንዲት ሴት በስልክ ታወራለች። ምን እንደምታወራ ልብ አላልኩም፤ ድምፅዋን ግን ሰማሁት። ትንሽ ሻከር ያለ፣ ነገሩን ልትጨርስ ስትል ዝቅ የሚል ድምፅ ነው። ሃያ ምናምን ዓመት ያልሰማሁት ድምፅ። ከፊቴ የቆመውን ሰውዬ ትከሻ ያዝኩ። ሰውየው «አይዞዎት እናት» ብሎ ደገፈኝ። ዞር ስል ልጅቷ ስልኳን ዘግታ ታየኛለች። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። አንገቷ ላይ የመሥሪያ ቤት ባጅ አንጠልጥላለች።

«እትዬ አስናቀች አይደሉም?» አለችኝ።

«ነኝ።»

«ሰላም ነኝ። የብርቅነሽ ልጅ።»

አቀፍኳት። ምን እንዳልኳት አላስታውስም። አያቷ እማማ ዲንቄ ካረፉ ሁለት ወር እንዳለፋቸው ነገረችኝ። አልሰማሁም ነበር፤ ለቅሶ ሳልደርስ ቀርቻለሁ። ታክሲው መጣና ሰልፉ ሲንቀሳቀስ ክንዴን ይዛ «እሑድ ቤትዎ ልምጣ? የምጠይቅዎት ነገር አለ» አለችኝ። ነይ አልኳት። ከመስኮቱ አጠገብ ተቀምጬ ወደ ቤቴ ስሄድ ምን እንደምትጠይቀኝ አውቅ ነበር። እስከ እሑድ አራት ቀን ነበር። አራቱንም ቀን በሐሳብ ቤይሩት ከረምኩ።

ብርቅነሽን የማውቃት ግን ከቤይሩት በፊት ነው። የአንድ ሰፈር ልጆች ነን፤ እኔ በስምንት ዓመት እበልጣታለሁ። አባቴ ከዊንጌት ወረድ ብሎ በአንዲት ቆርቆሮ ቤት ልብስ ይሰፋ ነበር። ብርቄ ከእናቷ ጋር ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ተሸክማ በደጃችን ታልፋለች። ያኔ አንድ ሸክም እንጨት ከአራት ብር እስከ አምስት ብር ይሸጥ ነበር፤ ዝናብ የመታው ከሆነ ሦስት። ዳቦ ሃያ አምስት ሳንቲም፣ ታክሲ ከሽሮ ሜዳ አራት ኪሎ ሃምሳ ሳንቲም ነው። እማማ ዲንቄ ጎብጠው ከፊት፣ ብርቄ ጎብጣ ከኋላ፣ በኦሮምኛ እያወሩ ቁልቁል ይወርዳሉ። ሸክማቸውን ከአባቴ ቤት ግድግዳ ጋር አስደግፈው ውኃ ሲጠጡ ብርቄ የተሰቀሉትን ቀሚሶች ታያለች። የዚያን ጊዜ ፋሽኑ ትከሻው ስፖንጅ ያለው ነበር። አንድ ቀን አባቴ ከተራረፈ ጨርቅ ብጫ ቀሚስ ሰፋላት፤ ትከሻው ላይ ስፖንጅ አስገባላት። ሸክም ስትሸከም ስፖንጁ ይጠቅመኛል ብላ ስቃ አሳቀችን። አስራ አምስት ዓመቷ ነበር።

እኔ ቀድሜ ለቤት ሠራተኝነት ቤይሩት ሄድኩ። እሷ ከሦስት ዓመት በኋላ መጣች፤ ልጇን ሰላምን በአራት ዓመቷ ለእማማ ዲንቄ ትታ። የሰላም አባት የሚባለው ሰው ልጅቷ ከመወለዷ በፊት የት እንደገባ አይታወቅም። ብርቄ የገባችበት ቤት ማዳም ሰባት ወር ደመወዝ ስላልሰጠቻት አንድ ጠዋት ቆሻሻ ልጣል ብላ ወጥታ በዚያው ጠፋች። ፓስፖርቷ እዚያው ቀረ። እኔም የመኖሪያ ወረቀቴ ካለቀ ቆይቶ ነበር። ያገኘኋት ዶራ ላይ ነው፤ እሑድ እሑድ አበሻ ሁሉ የሚሰበሰብበት ቦታ ነው። የቤት ውስጥ ነጠላ ጫማ አድርጋ፣ የማዳም አሮጌ ፒጃማ ለብሳ ከስልክ ቤቱ ደጅ ቆማለች። ስታየኝ አላለቀሰችም። «አስኑ፣ የሚበላ አለሽ?» ብቻ አለችኝ። ይዣት ቤት ገባሁ።

ቤት የምለው አንድ ክፍል ነው፤ አምስት ሆነን ነበር የምንኖረው። ኪራዩ በወር መቶ ሃምሳ ዶላር፣ ለእያንዳንዳችን ሠላሳ ይደርሰናል። ፍራሾቹን ቀን ቀን ግድግዳ ላይ እናቆማቸዋለን። መስኮቷ የምታየው የጎረቤቱን ሕንፃ ግድግዳ ስለሆነ ዝናብ መዝነቡን የምናውቀው በድምፅ ነው። እዚያ ክፍል ውስጥ ብርቄን መኖር ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ ይህን ማንም አይወስድብኝም፤ ማንም አያነሳልኝምም። ከሰኞ እስከ ሐሙስ በሰዓት አምስት ሺህ ሊራ፣ ሦስት ዶላር ግድም፣ እያስከፈልን ቤት እናጸዳለን፤ ዓርብና ቅዳሜ ደግሞ የሕንፃ ደረጃ ከላይ እስከ ታች እናጥባለን፤ ለሰባት ፎቅ አስራ ሁለት ሺህ። ሰርቪስ የሚሉት ታክሲ ሺህ ሊራ ያስከፍላል፤ በእግር ከሄድሽ ሺው ያንቺ ነው አልኳት። እንቁላል በካርቶን ሲገዛ እንደሚረክስ፣ የሻይ ቅጠሉ ከረጢት ሁለት ጊዜ እንደሚፈላ፣ ዳቦ ቤቱ ከሰዓት በኋላ የጠዋቱን ዳቦ በግማሽ እንደሚሸጥ አሳየኋት። ማካሮኒ በዘይትና በበርበሬ እንበላ ነበር። በርበሬውን አንዲት የጎጃም ሴት በኔስካፌ ቆርቆሮ ሰፍራ ትሸጥልናለች።

ኑሮው ያን ያህል አስከፊ ነበር ብዬ ብናገር እዋሻለሁ። ሰው ይለምዳል። ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ባልዲያችንን ይዘን ስንወጣ መንገዱ ገና እርጥብ ነው፤ የዳቦ ቤቱ ሽማግሌ በአማርኛ «እንደምን አደርሽ» ማለት ለምዶ ነበር። አንዳንድ ቀን በጦስኝና በዘይት የተቀባ ትኩስ ቂጣ አንድ ገዝተን ለሁለት እንቆርሳለን። ባሕሩ ከሩቅ ይታያል። እሑድ ሲሆን ዶራ ሠርግ ይመስላል። ጅንስ ያጠለቀች፣ ታኮ ጫማ ያደረገች፣ ፀጉሯን የተተኮሰች፣ ከፎቶ ቤቱ ፊት ተሰልፋ ተራ የምትጠብቅ። ፎቶ ቤቱ በስተኋላው ፏፏቴ የተሳለበት መጋረጃ ነበረው። ሁሉም እዚያ ፊት እየተነሳ ወደ ሀገር ቤት ይልካል። የካሴት መሸጫው አዲስ የገባውን ዘፈን ድምፁን ከፍ አድርጎ ይለቀዋል፤ ሴቶቹ መንገድ ላይ ትከሻቸውን ይሰብቃሉ። እኔ ከጸሎት ቤት ስወጣ ብርቄ ጥግ ቆማ ትጠብቀኛለች። አንድ ቀን ፎቶ ልነሳና ለሰላም ልላክላት አለችኝ። ስንት ነው አልኳት። አራት ሺህ ሊራ። «ሄደሽ በአካል ታያታለሽ፤ ምን ያደርግላታል» አልኳት። ተወችው። ከቤይሩት አንድም ፎቶ የላትም።

ስልክም እንደዚሁ ነው። በአስራ አምስት ቀን አንድ ጊዜ በካርድ ትደውላለች። እማማ ዲንቄን የሚጠሯቸው ስልክ ካላቸው ጎረቤት ቤት ነው። መጀመሪያ ደውለን ጥሩልን እንላለን፤ ከዚያ አስር ደቂቃ ጠብቀን እንደገና እንደውላለን። ሰላም ቀርባ «እማ» ብላ ማልቀስ ትጀምራለች። ብርቄ ዝም ብላ ለቅሶውን ታዳምጣለች። እኔ ከመስታወቱ ውጪ ቆሜ የእጄን ሰዓት በጣቴ እየነካሁ አሳያታለሁ። ለቅሶ ለመስማት ካርድ ያልቃል ብዬ ነው። ዛሬ ሰው በነፃ መልክ ለመልክ እየተያየ ሲያወራ ሳይ፣ ያ ሰዓት የነካሁበት ጣቴ ትዝ ይለኛል።

ብርቄ ከእኔ በላይ ጎበዝ ሆነች። በአምስተኛው ዓመት ላይ አራት ሺህ ሁለት መቶ ዶላር ነበራት። ብሩን የምይዝላት እኔ ነበርኩ፤ ባንክ ወረቀት የሌለውን ሰው አያስገባም። ሐሳቧ አንድ ነው። ሸጎሌ፣ ከከብት ተራው አለፍ ብሎ ቦታ ከገበሬ ይገዛ ነበር። ሁለት ክፍል ቤት፣ ማድ ቤቱ ለብቻ፣ ውኃ በግቢ ውስጥ። «እናቴ ከዚያ በኋላ እንጦጦን በዓይኗ ብቻ ታየዋለች» ትላለች። ከክፍሉ ሴቶችና ከጸሎት ቤቱ ሰዎች ጋር ዕቁብ ገብታ ነበር። የእሷ ዕጣ ለቅዳሜ ደረሰ። አንድ ሺህ ዶላር። እሱን ለቲኬትና ለቅጣት አድርጋ ወደ ሀገር ልትገባ ወስናለች።

በዚያ ሳምንት ማክሰኞ፣ ሸሚዝ ስትተኩስ ሆዷን ወጋት። ማታ ቤት ስትገባ ጎበጥ ብላ ነበር። የናና ቅጠል አፈላሁላት። ረቡዕ ቀጥ ብላ መሄድ አቃታት፤ ቢሆንም ሥራዋን ሠርታ መጣች።

«አስኑ፣ ሐኪም ቤት ብሄድ ይሻለኛል» አለችኝ።

ፍራሿ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ነገርኳት። ሆስፒታል ስትገቢ መጀመሪያ ሺህ ዶላር አስይዢ ይሉሻል። ቀጥሎ ወረቀት ይጠይቁሻል። ወረቀት እንደሌለሽ ሲያዩ ፖሊስ ይጠራሉ፤ ከዚያ እስር ቤት፣ ከእስር ቤት ባዶ እጅሽን ወደ ሀገር። እነዚህ ሁሉ በሌሎች ላይ ሲደርሱ ያየናቸው ነገሮች ስለሆኑ ውሸት አልነገርኳትም። «ዕቁቡ ቅዳሜ ነው፤ የቤቱን ብር አትንኪ። ሦስት ቀን ቻይው። ቅዳሜ ይዘሽ ትሄጃለሽ» አልኳት።

«እሺ» አለች። የምላትን ሁሉ እሺ ነበር የምትለው፤ ለአምስት ዓመት ሰምታኝ አልከሰረችም።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ፈገግ ብላ መጣች። ተሻለኝ፤ ልክ ነበርሽ፤ ለቀቀኝ አለችኝ። ደስ አለኝ። ኋላ ሐኪሙ እንደነገረን ያ ለቀቀኝ ያለችበት ሰዓት ትርፍ አንጀቷ የፈነዳበት ነበር። ዓርብ ጠዋት የሰባት ፎቁን ደረጃ ተካፍለን ስናጥብ፣ እኔ ከላይ እሷ ከታች፣ የባልዲ ድምፅ ሰማሁ። ወርጄ ሳያት ውኃው ውስጥ ተቀምጣለች፤ ጥርሷ ይንቀጫቀጫል። አንድ የሕንፃው ነዋሪ በመኪናው ወሰደን። ሆስፒታሉ አስይዙ አለ። ወደ ክፍላችን ሮጬ ከብሯ ሺውን አምጥቼ ከፈልኩ። ወረቀት የጠየቀን ሰው የለም። ፖሊስም አልተጠራም። አንዲት ነርስ ብቻ «ለምን ዘገያችሁ?» ብላ በዓረብኛ ጠየቀችኝ። ቋንቋው እንዳልገባኝ ሆንኩ። ብርቄ ቅዳሜ ቀትር ላይ አረፈች። ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነበር።

ከዚያ ደግሞ ሌላ ጥያቄ መጣ። አስከሬን ወደ ሀገር ቤት መላክ በትንሹ ሦስት ሺህ ዶላር ይፈልጋል ተባለ። እሑድ ዶራ ላይ ነጠላ ተዘርግቶ ገንዘብ ተዋጣ፤ የተሰበሰበው ለቀብር እንጂ ለመላኪያ አልበቃም። ሳምንት ብንጠብቅ ይሞላ ይሆናል ያለች ነበረች። ሆስፒታሉ ግን አስከሬኑ ላደረበት በየቀኑ ያስከፍላል። በቀረው ብሯ ላይ ዕቁቧን ስንጨምር ልክ የቤቱ ዋጋ ነው። ክፍላችን ውስጥ አራት ሆነን ተቀመጥን። አንደኛዋ «እናቷ ሬሳዋን ሳያዩ እንዴት ይሆናል? ትሂድ» አለች። ሁሉም እኔን ያያሉ፤ ብሩ እኔ ጋ ነው፤ የሰፈሯ ልጅም እኔ ነኝ። «ብርቄ አምስት ዓመት ያጠራቀመችው ለሳጥን አይደለም። ቤቱ ይሠራ» አልኩ። እዚያው ቀበርናት፤ ከከተማው ወጣ ያለ ዳገት ላይ። ስሟን በቀለም የጻፍነው እንጨት ላይ ነው፤ ድንጋይ ውድ ነበር።

ስምንት ወር ቆይቼ ብሩን ከቀሚሴ ገበር ውስጥ ሰፍቼ ወደ ሀገር ገባሁ። መጀመሪያ የሄድኩት እማማ ዲንቄ ጋ ነው። የቀበሌ ቤት ነው የነበሩት፤ አንድ ክፍል፣ በሩ ዝቅ ያለ። መርዶውን ያኔውኑ ሰምተዋል። ብሩን አውጥቼ ነጭ ጨርቅ ላይ አስቀመጥኩና የቤቱን ሐሳብ ነገርኳቸው። ብሩን አዩት። ከዚያ ሳይቆጡ፣

«ልጄ፣ እኔ ቤት አምጡልኝ ብያችሁ ነበር?» አሉኝ።

«እማማ፣ የሷ ሐሳብ ነበር። ለእርስዎ ነው የለፋችው።»

«የት ነው ያስተኛችኋት?»

ነገርኳቸው። ዳገት ላይ መሆኑን ሲሰሙ እንጨት የሚገኝበት ነወይ ብለው ጠየቁኝ። አይደለም አልኳቸው። ብሩን አልነኩትም። «ለሕፃኗ አድርጊው» አሉኝ። ለቤቱ ውል በሰላም ስም የአውራ ጣታቸውን አሻራ አደረጉ፤ ቤቱ ተሠራ፤ ሁለት ክፍል፣ ማድ ቤቱ ለብቻ። እማማ ዲንቄ ግን አንድ ቀን እንኳ አላደሩበትም። ተከራየ፤ ኪራዩ ሰላምን አስተማረ። እሳቸው በዚያ በቀበሌ ቤታቸው እስኪሞቱ ኖሩ። ጉልበታቸው እስኪደክም ድረስ እንጦጦ መውጣትንም አልተዉም። መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላም ይሉኛል፤ የቤተሰቤን ጤና ይጠይቁኛል። እየቆየ ሲሄድ ግን መንገዴን መለወጥ ጀመርኩ።

እሑድ ከጸሎት መልስ ሰላም መጣች። ብርቱካን ይዛ ነው። ሻይ ጠጥተን ስለ ሥራዋ ስለምን ስናወራ ቆየን። ከዚያ ብርጭቆዋን አስቀመጠች።

«አያቴ መጨረሻዋ አካባቢ ሰው አትለይም ነበር። እኔ እናቴን እየመሰልኳት ‹መጣሽ?› ትለኛለች። ስትሞት ከጎኗ ለእናቴ ቦታ እንዲተውላት አደራ ብላለች። እትዬ፣ እናቴ በምን ነው የሞተችው? ሆዷን አሟት ነው የሚሉኝ። ስንት ቀን አመማት?»

«አራት» አልኳት።

«ለምን ቶሎ አልታከመችም?»

ያኔ ነገርኳት። ሁሉንም። ፎቶውን፣ ስልኩን፣ ረቡዕ ማታን፣ ዕቁቡን፣ ነርሷን። በጸሎት ቤት ለእግዚአብሔር ብዙ ጊዜ ነግሬዋለሁ፤ ለሰው ስናገር ግን የመጀመሪያዬ ነበር። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም፤ ይህ ራሱ አሳፈረኝ። ስጨርስ ሰላም እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ወለሉን ታያለች።

«ለአያቴ ነግረዋታል?»

«አልነገርኳቸውም።»

«ደግ አደረጉ» አለች። ምሬዎታለሁ ለማለት አልነበረም ያለችው። ተነስታ ወደ ግቢው ወጣችና ከልብስ ማስጫው ገመድ አጠገብ ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆመች። የምትሄድ መስሎኝ ነበር። ሻዬ ቀዘቀዘ። ተመልሳ ስትገባ ዓይኗ ቀልቷል፤ ድምፅዋ ግን የቀድሞው ነው።

«ቤቱን ልሸጠው ነው። ገዢ አግኝቻለሁ። ሄጄ አፅሟን አመጣታለሁ» አለችኝ።

ከአፌ ሊወጣ የነበረውን አውቀዋለሁ። ካርታ ወጥቶለታል፤ ዋጋው በየዓመቱ ይጨምራል፤ እዚያ ደግሞ እንዲህ ያለ መቃብር ከዓመታት በኋላ ለሌላ ሰው እንደሚቆፈር ሰምቻለሁ፤ ሄደሽ ባዶ ብታገኚስ? የመጨረሻውን ብቻ ነገርኳት፤ ማወቅ ስላለባት።

«ይሁን። ቦታውንም ቢሆን አየዋለሁ» አለች። ከቦርሳዋ ወረቀትና እስክሪብቶ አውጥታ ሰጠችኝ። «ቦታውን ይሳሉልኝ።»

መነጽሬን አደረግኩና መሳል ጀመርኩ። ዶራ፣ አደባባዩ። ከዚያ ሰርቪስ የምትይዝበት ጥግ። ሽቅቡ መንገድ፣ በስተግራ የመኪና ጎሚስታ የሚሠራበት፣ ቀጥሎ ነጭ ግንብ፣ ግንቡ ሲያልቅ አረንጓዴ የብረት በር። እጄ ሳይቆም እስከ በሩ ደረሰ። ከበሩ ገብተሽ ብዬ ቆምኩ። ሁለት ጊዜ ነው የሄድኩት፤ አንድ በቀብሩ ቀን፣ አንድ በአርባው። ከዚያ ወዲህ መሄጃው ሦስት ሺህ ሊራ ስለነበር እሑዶቼን አላባከንኩም። ዓይኔን ጨፈንኩ። የቀባሪዎቹ ባሬላ፣ ቀይ አፈሩ፣ ስሟን የጻፍንበት ሰማያዊ ቀለም ይታየኛል። የቀለሙን ዋጋ አስታውሳለሁ። ቀባሪዎቹ ስንት እንደጠየቁንና ተከራክሬ ስንት እንዳስቀነስኳቸው አስታውሳለሁ። ከበሩ ገብተን ወደ ግራ ይሁን ወደ ቀኝ የታጠፍነው ግን ሊመጣልኝ አልቻለም። እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ነጥብ ሠራ።

ሰላም ብዙ ጠበቀችኝ። ከዚያ ወረቀቱን ቀስ ብላ ከእጄ ወሰደች።

«ይተዉት እትዬ» አለችኝ። «በሁለቱም በኩል እፈልጋታለሁ።»